ነብሩ የሁላችን፣ ፍየሏ የአንድ ሰው

ክረምት በገባ ቁጥር ከአባይ በረሃ አፋፍ ካሉ ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ወሬ ይወጣል። ነብር ጉረኖ ገብቶ ፍየል ፈጀ ይባላል። ወይ ውሻ ነጠቀ ይባላል። ወሬው ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሲደርስ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። አብሮት የሚለጠፈው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ የጎጃም ነብር አይደለም። ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ሸንተረር ያለው የእስያው ታይገር ነው። ታይገር አፍሪካ ውስጥ በዱር ኖሮ አያውቅም። የእኛው ባለ ነጠብጣቡ ነው።

የፎቶው ነገር ብዙም አያስከፋኝም። ጎግል ላይ ቀድሞ የመጣውን አንስቶ መለጠፍ የተለመደ ነው። የሚገርመኝ ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ነው። ግማሹ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ግደሉት እንጂ» ይላል። ግማሹ ደግሞ ከተማ ተቀምጦ «ብርቅዬ እንስሳችንን ጨረሱት» ብሎ ይንጨረጨራል። (በነገራችን ላይ ነብር የእኛ ብቻ ብርቅዬ አይደለም። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ አለ።) ፍየሏ የማን እንደነበረች፣ ስንት ታወጣ እንደነበር፣ ባለቤቷ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የጎጃም ነብር ዕጣ ግን የሚወሰነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

እስካሁን እንዴት ቆየ?

ጎጃም ውስጥ የዱር አውሬ እየተመናመነ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ድሮ ቀይ ቀበሮ ነበር። ዛሬ ከዚያ ተራራ ጠፍቷል። ድኩላና ሚዳቋም ደኑ በተመነጠረበት ሁሉ አብረው ሄደዋል። ነብር ግን አለ። በአባይና በገባሮቹ ገደላገደል፣ በጮቄ ሸለቆዎች፣ አንዳንዴም ማንም ባልጠበቀው የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ።

ምስጢሩ ሆዱ ነው። ነብር ምግብ አይመርጥም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብቻ ከ90 በላይ የእንስሳት ዓይነቶችን እንደሚበላ ተመዝግቧል። ሲቸግረው አይጥና ጥንዚዛም ይበላል። ሲቀናው ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ሽኮኮ፣ ጃርት፣ ከርከሮ፣ ድኩላ ያገኛል። ከሁሉ የሚመቸው ግን ከ10 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ነው። ይህ የሚዳቋና የድኩላ ክብደት ነው። የፍየል፣ የበግና የውሻ ክብደትም ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ምስጢር መደበቁ ነው። ወንዱ 60 ኪሎ ገደማ፣ ሴቷ 40 ገደማ ይመዝናሉ። ከአንድ ሰው አይበልጡም። እንዲህ ያለ አውሬ በአንድ ጉብታ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ሊውል ይችላል። ሰው ከሥሩ አልፎ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ሰው ሲዝት «ነብር አየኝ በል!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቀድሞ የሚያየው ሁልጊዜ ነብሩ ነው።

የሚኖረው ለብቻው ነው። አንድ ወንድ የሚይዘው ክልል የበርካታ ሴቶችን ክልል ይሸፍናል። በሽንት፣ በእዳሪና ዛፍ በመቧጨር ድንበሩን ያስታውቃል። ድምፅም አለው። ድምፁ እንደ አንበሳ ግሳት አይደለም፤ እንጨት በመጋዝ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው የሚሄድ የሚመለስ ሻካራ ድምፅ ነው። የአባይ ዳር እረኛ ያውቀዋል። ከሰማው ፀሐይ ሳትጠልቅ መንጋውን ሰብስቦ ይመለሳል።

ሴቷ ሦስት ወር ከምናምን አርግዛ ሁለት ሦስት ግልገል ትወልዳለች። ግልገሎቹ ከእናታቸው ጋር ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። አደን የሚማሩት ያኔ ነው። ብዙዎቹ ግን እዚያ አይደርሱም። ከሚገድሏቸው አንዱ ሌላ ወንድ ነብር ነው። የአካባቢው ወንድ ሲሞት አዲስ ወንድ ይገባል። አዲሱ የቀድሞውን ልጆች ይገድላል፤ እናቲቱ ቶሎ እንድትፀንስለት። ስለዚህ አንድ ትልቅ ወንድ ነብር ተገደለ ማለት አንድ ነብር ሞተ ማለት ብቻ አይደለም። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ግልገሎች ሁሉ አደጋ ላይ ወደቁ ማለት ነው። በምትኩ የሚመጣውም አካባቢውን ገና የማያውቅ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል።

ስለ ግስላም አንድ ነገር ልበል፤ ሳልለው ካለፍኩ የጎጃም ሰው አይለቀኝም። ግስላ ከነብር የተለየ፣ ከነብር የሚብስ አውሬ ነው ተብሎ ይወራል። ግስላ የሚሉት ጥቁሩ ነብር ግን ራሱ ነብር ነው። ጥቁረቱ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚወጣ ባሕርይ ነው። ሁለት ነጠብጣብ ነብሮች ጥቁር ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ፀሐይ ላይ ቢታይ ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ሥር ይለያል። በኃይለኝነቱ ላይ የሚወራው ግን ለእሳት ዳር ጨዋታ ጥሩ ነው፤ አልነካውም።

የት ነው ያለው?

ጎጃም እንደ ሰሜን ተራሮች ወይም እንደ ባሌ ያለ ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ የለውም። ስለዚህ የጎጃም ነብር የሚኖረው ሰው በሚኖርበት ነው። ዋና ምሽጉ የአባይ በረሃ ነው። ገደሉ ለእርሻ አይመችም፤ ለእሱ ይመቸዋል። ከዚያ በወንዝ በወንዙ ወደ ደጋው ይወጣል። በከፍታም አይታማም። በ1926 እ.ኤ.አ. ኪሊማንጃሮ ላይ ከ5,500 ሜትር በላይ የደረቀ የነብር ሬሳ ተገኝቶ ነበር። ጮቄ ጫፉ ከ4,100 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከፍታው አይከለክለውም።

ደጋው ላይ ግን የቀረው የአገር በቀል ደን ባብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ተርፎ የሚታየው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። አምስት ሄክታር ማለት የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ሃያኛ ነው። አንድ ነብር ደግሞ ብዙ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ካሬ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ነብር የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ «ይኖራል» ማለት አይቻልም። ያርፍበታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገርበታል። በሌሊት ሜዳውን አቋርጦ ሲነጋ ተሸሽጎ የሚውልበት ቦታ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በእነዚህ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ለዓመታት ደክመዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። ከብት ሲቀር ችግኙ ይበቅላል። ሥራው የታሰበው ለዛፉ ነው። ከሥር ቁጥቋጦ ከበቀለ ግን ሚዳቋም ይደበቅበታል። ሚዳቋ ካለ ነብሩ ጉረኖ የሚያይበት ምክንያት ይቀንሳል።

ገበሬው የሚተክለው ዛፍ ሌላ ጉዳይ ነው። በአዊ በኩል፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ተክሎ ለከሰል ያመርታል። ከሩቅ ሲያዩት አገሩ ለምልሟል። ለነብር ግን መደበቂያ እንጂ ጓዳ አይደለም። አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል። በሜጫ፣ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ደግሞ ክረምት ላይ በቆሎው ከሰው በላይ ይሆናል። ያኔ ከወንዙ እስከ ጓሮ ድረስ የተሸፈነ መንገድ ተዘረጋ ማለት ነው። የክረምቱ ወሬ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ማሳው ሁሉ ተዘርቶ ከብትና ፍየል ወደ ገደሉ ጠርዝ ይገፋል። ጉም አለ። እረኛው ደግሞ ልጅ ነው።

በክት

አንድ ጊዜ ከአባይ አፋፍ ባለ ቀበሌ አንድ አዛውንት ገበሬ ሌሊት የሞተች ፍየላቸውን አሳይተውኛል። ከጉረኖው ወጥታ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ተጎትታ፣ አጋም ሥር ተጋድማ ነበር። ቅጠል ከላይዋ ጣል ጣል ተደርጎባታል።

«ጅብ ነው የሚሉህን አትስማ ልጄ» አሉኝ።

«በምን ለዩት አባቴ?»

በከዘራቸው ጫፍ አንገቷን ገለጥ አደረጉት። ጉሮሮዋ ላይ ጥልቅ ቀዳዳዎች አሉ፣ ፊት ለፊት የተያዩ። ደም ብዙም አልፈሰሰም። የተበላችው ከደረቷና ከጎድኗ በኩል ነው። ከተበላው ቦታ ዙሪያ ጸጉሯ ተነጭቶ ክምር ብሏል። «ጅብ ጸጉር ሲለቅም አይተሃል?» አሉኝ። ጅብ ቢሆን አጥንቱም ባልተረፈ፣ ሥጋውም እዚህና እዚያ በተበታተነ ነበር። ከዚያ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ አሳዩኝ። ክብ ነው። አራት ጣት አለው። የጥፍር ምልክት የለውም፤ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ጅብና ውሻ ግን ጥፍራቸው ጭቃው ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የሚሰጥ ሥልጠና ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም።

«አሁን ምን ያደርጓታል?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋታለሁ? በክት ናት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በጎጃም ገጠር በሬ ገደል ገብቶ ቢሰበር ነፍሱ ሳትወጣ ይታረዳል። ጎረቤት ለቅርጫ ይጠራል። ሥጋው ይመደባል፤ ሁሉም መደቡን ይከፍላል። ባለ በሬው የበሬውን ዋጋ ሙሉ ባያገኝም ባዶ እጁን አይቀርም። አውሬ የገደለው ግን አይበላም። ለቅርጫ አይሆንም። ቆዳው ተቦጫጭቋል። ያቺ ፍየል ለልጅ ዩኒፎርምና ደብተር፣ ለማዳበሪያ ክፍያ ማሟያ የታሰበች ነበረች። በአንድ ሌሊት ዋጋዋ ዜሮ ሆነ። አገሬው ለገደል ያበጀው መላ አለ። ለነብር ግን የለውም።

ሕጉስ? ሕግ አለ። የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን፣ ቆዳ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። ነብር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ የስምምነቱ አባል ናት። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ለመጥፋት ተጋላጭ» ብሎታል። ድሮ ይኖርበት ከነበረው መሬት እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ማጣቱም ተገምቷል።

ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱም ግን ለሽማግሌው ፍየል አይተካላቸውም። ጎጃም ውስጥ በነብር ለተበላ ከብት ካሳ ሲከፈል አላየሁም። ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? ድሮ ነብር የገደለ ይፎክር ነበር። ቆዳው ለጌጥ ይለበስ፣ ስሙም በቀረርቶ ይነሳ ነበር። ዛሬ የገደለ ዝም ይላል። ዝም ብሎ የሚገደልበት መንገድ ደግሞ መርዝ ነው። የተረፈው ሬሳ ላይ የተባይ መድኃኒት ይነሰነሳል። ነብር ተመልሶ ሊበላ ሲመጣ ያገኘዋል። ግን ነብሩ ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ጅቡ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ከሁሉ በላይ ጥንብ አንሣው። ጥንብ አንሣ በመላው አፍሪካ እየጠፋ ካለበት ምክንያት ትልቁ የተመረዘ ሬሳ ነው። በጥይት የሚገደል አንድ ነብር ቢቆጠር ይቆጠራል። የመርዙን ማንም አይቆጥረውም።

በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል። የመንግሥት ባለሙያ እንደ ልቡ ገጠር አይወጣም። ቱሪስት የለም። የክልሉ ሰው የሚያስብበት ብዙ የከበደ ጉዳይ አለው፤ ነብር ከመቶኛው በታች ቢሆን አልፈርድም።

ጥቅሙ ለማን ነው?

እዚህ ላይ «ነብር ለሥነ ምሕዳር ይጠቅማል» የሚል ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቀላል ነው። ገበሬ ፊት ቆሞ ማለት ግን አያስደፍርም። በደንብ ከተነገረ ግን እውነትነት አለው።

ጋና ውስጥ ከ1968 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የጥበቃ ሠራተኞች የመዘገቡት የእንስሳት ቆጠራ አለ። አንበሳና ነብር በጠፉባቸው ቦታዎች የዝንጀሮ ቁጥር አሻቅቧል። ዝንጀሮው ማሳ ገባ። ልጆች ትምህርት ቤት ቀርተው ማሳ መጠበቅ ጀመሩ። ይህን ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽላና በቆሎ ሲደርስ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ ማን እንደሆነ ያውቃል። ዝንጀሮ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ነብር ነው። ጃርትና ከርከሮም እንዲሁ፤ ድንች የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው።

ሌላው ምሳሌ ከሕንድ ነው። ሙምባይ ከተማ መሐል ሳንጃይ ጋንዲ የሚባል ፓርክ አለ፤ ስፋቱ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን ሚሊዮኖች ይኖራሉ። ውስጡ ደግሞ ወደ 35 የሚጠጉ ነብሮች ነበሩ። ከሚበሉት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው የጎዳና ውሻ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እነዚህ ነብሮች ውሻ በመብላታቸው በዓመት እስከ 1,000 የሚደርስ የውሻ ንክሻ ሳያስቀሩ አይቀሩም ብሎ ገምቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው በሚጨርስበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። የእኛም አገር እንደዚያ ያለ አገር ናት።

ጥሩ። ጥቅም አለ እንበል። ግን ጥቅሙን ማን ያገኛል? ዝንጀሮ የቀነሰለት አገሩ በሙሉ ነው። ውሻ ያልነከሰው ሰው ያልተነከሰው በነብር ምክንያት መሆኑን እንኳ አያውቅም። ጥቅሙ ለሁሉም ተበትኖ ስለሚደርስ ማንም አያየውም። ኪሳራው ግን በአንድ ሌሊት አንድ ቤት ላይ ይወድቃል። ሁሉም ያየዋል። ይህ ሒሳብ እስካልተስተካከለ ድረስ መምከርም መቅጣትም የትም አያደርስም።

ታይገር ምን አስተማረ?

ከዚህ ቦታ ነው ፌስቡክ ላይ በስህተት የሚለጠፈው ታይገር የሚጠቅመን። ታይገር ከነብር የበለጠ ተጨንቋል። የቤንጋሉ ወንድ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአይጥና በሽኮኮ አይኖርም። ትልቅ አጋዘን፣ ትልቅ ደን፣ ውሃ ይፈልጋል። እንደ ነብር አንገቱን ደፍቶ በሰው መሐል መሹለክ አይሆንለትም። የጃቫ፣ የባሊና የካስፒያን ታይገሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍተው ቀርተዋል።

ሕንድ በ1973 እ.ኤ.አ. በኢንዲራ ጋንዲ ዘመን «ፕሮጀክት ታይገር» ብላ በ9 የጥበቃ ቦታዎች ጀመረች። ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ መሰለ። ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳሪስካ የሚባለው ፓርክ ውስጥ አንድም ታይገር እንዳልቀረ ታወቀ። አዳኞች ጨርሰውታል። ወረቀት ላይ ግን እስከዚያ ድረስ ታይገር ነበረው። አገሩ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በካሜራ ሆነ። የእያንዳንዱ ታይገር ሸንተረር እንደ ሰው የጣት አሻራ የየራሱ ስለሆነ ከፎቶ ይለያል። በ2006 እ.ኤ.አ. የተገመተው 1,411 ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. 3,682 ደረሰ። ኔፓልም ከ121 ተነሥታ በ13 ዓመት 355 አድርሳለች።

እንዴት? ብዙ ገንዘብ። ብዙ የታጠቀ ጠባቂ። ከቦታቸው የተነሡ መንደሮች፤ ይህኛው ዛሬም ያከራክራል። ለተበላ ከብትና ለሞተ ሰው የሚከፈል ካሳም አለ፤ ይዘገያል ተብሎ ቢማረርበትም። ሆኖም ስኬቱ ራሱ ጣጣ አመጣ። ኔፓል ውስጥ ሰው በታይገር መሞቱ በረከተ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሊ ለአገሪቱ 150 ያህል ታይገር ይበቃል እስከማለት ደርሰው ነበር። በአንድ ወገን ዓለም ያጨበጭባል፣ በሌላ ወገን ባለ ማሳው ይቀብራል። ፍየሏና ነብሩ እዚያም አሉ፤ በትልቁ።

ጎጃም ይህን ያህል ገንዘብ የላትም። ከእስያው ታሪክ የምንወስደው ገንዘቡን ሳይሆን ስህተቱን ነው። አንዱን በተለይ አነሣለሁ፤ እኛም ዘንድ «ለምን አጥምደው ወደ ፓርክ አይወስዱትም?» ሲባል እሰማለሁና። ሕንድ ውስጥ፣ ማሃራሽትራ ግዛት ጁናር አካባቢ ነብር በሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ ይኖራል። በ2001 እና በ2003 እ.ኤ.አ. መካከል ከ100 በላይ ነብሮች ተይዘው በርካቶቹ ሌላ ቦታ ተለቀቁ። በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ከለመደው ክልሉ የተነቀለ ነብር የት እንደሚደበቅ፣ ምን እንደሚበላ አያውቅም። የተለቀቀውም ክልል ባዶ አይቆይም። ሌላ ይገባበታል።

ከጉረኖ መጀመር

ነብር ከገባ በኋላ ስለሚደረገው ከማሰብ እንዳይገባ ማድረግ ይረክሳል። አብዛኛው የሌሊት ጥፋት የሚደርሰው ጣሪያ የሌለው ጉረኖ ውስጥ ነው። ነብር ይዘላል። ወገብ ድረስ ያለ የእሾህ አጥር ለጅብ ይበቃ ይሆናል፤ ለነብር ግን ደረጃ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከገባ በኋላ ነው። የታጎሩት ፍየሎች ሲራወጡ ከሚበላው በላይ ይገድላል። አንድ ፍየል ለምግብ፣ አራቱ ለትርምሱ።

ስለዚህ ጣሪያ። እንጨት ርብራብ ተደርጎ እሾህ ቢለብስ እንኳ ከምንም ይሻላል። በር ደግሞ ከግድግዳው እኩል መጥበቅ አለበት፤ ብዙ ጉረኖ ደህና አጥር ኖሮት በሩ ሁለት እንጨት ጣል ተደርጎ ነው የሚዘጋው። ታንዛኒያ ውስጥ ማሳዮች የከርቤ ዘመድ የሆነ ዛፍ በዙሪያ ተክለው፣ ዛፉ ሲጸድቅ የሽቦ መረብ በላዩ ይዘረጋሉ። ዛፉ በያመቱ ይጠነክራል፤ ምስጥ የሚበላው ቋሚ እንጨት አይደለም። የአባይ ዳር ሰው ቁልቋል አለው፣ አጋምና ቀጋ አለው። ሽቦው ነው የሚጎድለው። ለአንድ መቶ ቤት የሚሆን ሽቦ መግዛት ለማንም ግብረ ሰናይ ድርጅት ከአንድ ወርክሾፕ አበል የሚበልጥ አይመስለኝም። ውሻም ይረዳል፣ ግን ብቻውን የታሰረ ውሻ እራት ነው። ሁለት ሦስት ሆነው ያልታሰሩ ቢሆኑ ቢያንስ ጮኸው ሰው ይቀሰቅሳሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖም አንዳንድ ፍየል ይበላል። እዚያ ላይ እድር የሚባል ነገር ያላት አገር ከውጭ ብዙ መማር አያስፈልጋትም ነበር፤ ግን ምሳሌው ከፓኪስታን መጣ። ባልቲስታን በሚባለው ተራራማ አገር የበረዶ ነብር በግና ፍየል ይበላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንደርተኛው በየከብቱ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ የጋራ ካዝና አቋቁሟል። ከቱሪስት የሚገኝ ገንዘብም ይጨመርበታል። የተበላበት ሰው ከዚያ ይከፈለዋል። ነብሩ በላው አልበላውም የሚለውን የሚያጣራው የመንደሩ ኮሚቴ ነው። ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ አይታለልም። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቀዋል፤ በበሽታ የሞተች ፍየል ነብር በላት ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ይህ በጎጃም እድር ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሽማግሌው ያሳዩኝ የጉሮሮ ቀዳዳና የዱካ ዕውቀት በየመንደሩ አለ። የሚጎድለው ከውጭ የሚጨመረው ድርሻ ነው። ቱሪስት እስኪመለስ ድረስ ያንን ማን ይሸፍን? ነብር የሁላችን ነው የምንል ከሆነ ክፍያውም ወደ ከተማው ይምጣ። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ «ጨረሱት» ብለው የሚጽፉት ሰዎች በዓመት አንዳንድ መቶ ብር ቢያዋጡ የአንድ ወረዳን ፍየል ይሸፍናል። ይህን ስል እኔንም ጨምሮ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መዝገብ ያስፈልጋል። በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ ቀን ወይስ ሌሊት፣ ጣሪያ ባለው ጉረኖ ወይስ በሌለው፣ ስንት እንስሳ፣ ነብር ወይስ ጅብ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለክትባት ቤት ለቤት መዞሩ አይቀርም። አንድ ገጽ ቅጽ ቢጨመርለት ሥራው ብዙ አይከብድበትም። የሁለት ክረምት መዝገብ ካለ ሽቦው መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ፣ የእድሩም መዋጮ ስንት መሆን እንዳለበት ይታወቃል። ገደሉ አፍ ላይ ጥንድ ጥንድ ካሜራ መትከል የሚቻልበት ጊዜ ሲመጣም የት እንደሚተከል ያሳያል። ጥንድ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የነብር የግራ ጎን ነጠብጣብ ከቀኙ ይለያል፤ አንድ ጎን ብቻ ካነሡ አንዱን ነብር ሁለት አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ።